ከነነዌ በኋላ ያሉት ሁለት እሑዶች

የፈረስ ውድድር ፕሮግራም የማውጣትን መከራ የሚያውቀው ያወጣው ብቻ ነው። ሰው ፈረሱን ያያል፤ አቧራውን ያያል፤ እልልታውን ያቀልጠዋል። ያ ሁሉ ፈረስ በዚያ ቀን፣ በዚያ ሜዳ እንዲገናኝ ማን ጸጉሩን እንደነጨ የሚጠይቅ የለም። እኔ ሞላሌ ላይ የፈረስ ግልቢያ ክለባችን ጸሐፊ ሆኜ ስድስት ዓመት አገልግያለሁ። ያለ ደመወዝ ነው፤ የምኖረው በእርሻዬ ነው። ክለቡ የሰጠኝ አንድ እግሩ በድንጋይ የተደገፈ ጠረጴዛ፣ አንድ ማኅተምና ከቤተ ክርስቲያን ሱቅ የተገዛ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ነበር። በሕይወቴ ከዚህ በላይ ሥልጣን ይዤ አላውቅም። ያችኑ ሥልጣን ግን አሟጥጬ ተጠቅሜባታለሁ።

በእኛ አገር ለውድድር የሚሆን ቀን ማግኘት ቀላል አይደለም። እስከ ገና የነቢያት ጾም ነው፤ ገብሱም ከአውድማ አልተነሣም። ከገና እስከ ጥምቀት ያለው ጊዜ አንድ ዙር አካሂደህ ትንፋሽ ሳትወስድ ያልቃል። ከጥምቀት በኋላ ሰርግ ነው፤ ፈረሰኛው ሁሉ አጃቢ ይሆናል፤ ፈረሱም ሙሽራ ሲያመላልስ ይደክማል። በገበያ ቀን ካደረግኸው መንገዱ በበግ ይዘጋል። የግሼ ሰዎች ከራቤል ተነሥተው ጓሳን በውርጭ አቋርጠው ስለሚመጡ፣ ፈረሶቻቸው ቢያንስ አንድ ቀን ሳያርፉ መሮጥ የለባቸውም። እንዲህ እንዲህ እያለ የነነዌ ጾም ከች ይላል። ነነዌ ካበቃ በኋላ ዓቢይ ጾም እስኪገባ የሚቀሩት ሁለት እሑዶች ብቻ ናቸው። ሁለተኛው እሑድ ቅበላ ነው። የዓመቱ የመጨረሻ ማጣሪያ የግድ ከሁለቱ በአንዱ ይውላል፤ ያሸነፈው ሰው ስምም ጾሙ ሳይገባ ወደ ላይ ይላካል።

ከሁለቱ እሑዶች የትኛው እንደሚሆን የምወስነው እኔ ነበርኩ። ኮሚቴ የሚባል ነገር አለ፤ እጁን ያወጣል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ይበተናል። እርሳሱን የያዝኩት እኔ ነኝ። ሰው ቀን እንዳዛውርለት ሊለምነኝ ሲመጣ ደስ ይለኝ ነበር። ጋቢውን አስተካክሎ፣ በሩ ላይ ቆሞ «ጸሐፊ፣ እንደው ባክህ» ሲለኝ ቀና ሳልል ወረቀት አገላብጣለሁ። ወረቀቱ ላይ ብዙ ጊዜ ምንም አልተጻፈበትም።

ይህ የምተርከው ነገር ከመሆኑ ከአንድ ዓመት በፊት አንድ የግሼ ሰው እንዲሁ መጥቶ ነበር። እናቱ ሞታበታለች፤ አርባዋ አልወጣም። በእኛ ዘንድ ሐዘን ያለበት ሰው አርባው ሳይወጣ ለጨዋታ ፈረስ ላይ አይቀመጥም። ለወፍጮ ይቀመጣል፤ ለገበያ ይቀመጣል፤ በሽተኛ ሐኪም ቤት ለማድረስ ይቀመጣል። ለውድድር ከተቀመጠ ግን በሟች ላይ እንደጨፈረ ይቆጠራል። ይህ ደግሞ ከክለቡ ደንብ ውስጥ የለም፤ ሰው ግን ከደንቡ ይልቅ ይህን ያውቀዋል። ሰውዬው አንድ ሳምንት ብቻ ግፉልኝ አለኝ። ኮሚቴው ተሰብስቦ ነበርና ድምፄን ከፍ አድርጌ «ይህ ክለብ እንጂ እድር አይደለም። ሰው በሞተ ቁጥር ቀን ብናዛውር ውድድሩ መስከረም ላይ ሊውል ነው» አልኩት። ኮሚቴው ሳቀ። ሰውዬው ፈረሱን ስቦ በመጣበት መንገድ በጓሳ በኩል ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲህም ሜዳችንን ረግጦ አያውቅም። እኔ ግን ያቺን ንግግር ወድጃት ለሳምንታት በየጠላ ቤቱ ደገምኳት።

ከዚያ ወንድሜ ሞተ።

በሁለት ዓመት ይበልጠኝ ነበር። አባታችን ፈረሱን ለእሱ ሰጠው፤ እኔን ደግሞ ለትምህርት ቤት ሰጠኝ። እሱ ፈረሰኛ ሆነ፤ እኔ ከአሥረኛ ክፍል ወድቄ ተመለስኩ። ሁለታችንም አንድ አንድ በሬ ነበረንና በመቀናጆ ነበር የምናርሰው፤ የእሱ በሬ በቀኝ፣ የእኔ በግራ። እኔ ፈረስ አልወጣም። ወጥቼ አውቃለሁ፤ እፈራለሁ። የፈረስ ክለብ ጸሐፊ ሆኜ ወደ ስብሰባ የምሄደው በእግሬ ነው። ወንድሜ በዳማ ፈረሱ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ልጓሙን ይዞ «ጸሐፊው! ላፈናጥጥህ?» ይለኛል፤ አብሮት ያለው ሰው ሁሉ ይስቃል። እኔም እስቃለሁ። ጸሐፊ ከመሆኔም በፊት ጀምሮ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አብሬ ስቄያለሁ። ከገና በፊት በነበረው ሳምንት ሆዴን ብሎ ተኛና በሦስተኛው ቀን ሞተ። አለቀስኩ፤ ደረቴን መታሁ፤ እውነተኛ ለቅሶ ነበር። ቂሙ ግን አብሮት አልተቀበረም።

ወንዶች ልጆች የሉትም። አንዲት ሴት ልጅ ብቻ ናት ያለችው፤ ያኔ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ፈረስ ያስተማራት እሱ ነው። መጀመሪያ ሰው «ሴት ልጅ ምን ታደርግ ፈረስ ላይ» ብሎ አጉረመረመ፤ ካያት በኋላ ዝም አለ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በማጣሪያው ለጥቂት ነበር ሁለተኛ የወጣችው። አንደኛ የወጣ የክልሉ ክለብ ይወስደዋል፤ ቋሚ ፈረሰኛ ይሆናል፤ ደመወዝና ማደሪያ አለው። ሃያ አምስት ዓመት የሞላውን ግን አይቀበሉም። ስለዚህ ለእሷ የቀራት ያ አንድ ማጣሪያ ነበር። ይህን እኔ አውቃለሁ፤ ኮሚቴው ያውቃል፤ ጠላ የምትሸጠው ሴትዮም ታውቃለች።

ቀን መቁጠሪያውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ የወንድሜን አርባ ቆጠርኩ። ከነነዌ በኋላ ካለው ከመጀመሪያው እሑድ ማግሥት፣ ሰኞ ላይ ዋለ። ደግሜ ቆጠርኩ፤ ሰኞ ነው። እንግዲህ ማጣሪያው በመጀመሪያው እሑድ ከሆነ የወንድሜ ልጅ አንድ ቀን ሲቀራት ትቀራለች። በቅበላው እሑድ ከሆነ አርባውን አውጥታ፣ ስድስት ቀን አርፋ ትጋልባለች። ማንም ሌላ ሰው በሁለቱም ቀን የሚጎዳው ነገር የለም።

የክለቡ ሊቀ መንበር ሽማግሌ ናቸው፤ በዘመናቸው ጉግስ የተጫወቱ፣ አሁን ስብሰባ ላይ የሚያንቀላፉ። ያን ዕለት ግን አላንቀላፉም። «ቅበላውን አድርገው፣ ልጄ» አሉኝ። «ሐዘን ላይ ናችሁ። ልጅቷም አርባዋን ታውጣ። ምን ቸገረን?»

ምንም አልቸገረንም። እኔ ግን ተነሥቼ ቆምኩ።

«አባባ፣ እርስዎ እንዲህ ይላሉ። ሕዝቡ ግን ለወንድሙ ልጅ ሲሆን ቀን ገለበጠ ይለኛል። ያንን የግሼ ሰው በምን ዓይኔ አየዋለሁ?»

«ለግሼውም ያኔ ማዛወር ነበረብህ።»

«ያለፈው አለፈ። ደግሞ በቅበላ ሰው ጠጥቶ ነው የሚወጣው። ፈረሰኛ ቢወድቅ ማን ሊጠየቅ ነው?»

ከኮሚቴው አንዱ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታና «ሰው ማለት ይህ ነው! ለሥጋው የማያዳላ!» አለ። ሌሎቹም አጨበጨቡ። አንድ ሰው በገዛ ሥጋው ላይ ሲጨክን እንዴት እንደሚከበር ያን ቀን አየሁ። ሞቅ አለኝ። መጀመሪያውን እሑድ ጻፍኩና ማኅተሜን አሳረፍኩበት።

ስለ ፍትሕ ብዬ ነበር ያልኩት። ቅጥፈት ነው። ይሉኝታም አለበት፤ ሰው ምን ይለኛል ብዬ መፍራቴ እውነት ነው። ከሥሩ ያለው ግን ቅናት ነው። ወንድሜ ሞቶም በልጁ ጀርባ ፈረስ ላይ ሆኖ ሊያልፈኝ ነው ብዬ ተቃጠልኩ።

ወረቀቱ በተለጠፈ ማግሥት ልጅቷ ቢሮዬ መጣች። ጸጉሯን ለሐዘን ተቆርጣለች፤ ጥቁር ለብሳለች። ጋሼ ነው የምትለኝ።

«ጋሼ፣ ተሳስተህ ነው አይደል?»

«አልተሳሳትኩም።»

«አርባው እኮ ማግሥቱን ነው።»

«ለእኔ ነው የምትነግሪኝ? ወንድሜ እኮ ነው።»

ቆመች። እኔ ያንን ባዶ ወረቀት አገላበጥኩ።

«ቅበላውስ? በቅበላ ብታደርገው ማን ይጎዳል?»

«ደንቡ አይከለክልሽም» አልኳት። «መጋለብ ከፈለግሽ ነይና ጋልቢ። ያባትሽ ነገር ያንቺና የኅሊናሽ ነው።»

«እማዬ ምን ትለኛለች?»

«እሱን እሷን ጠይቂያት።»

ታለቅሳለች ብዬ ነበር። ብታለቅስልኝ ምናልባት እራራ ነበር፤ ወይም ደግሞ ደስ ይለኝ ነበር፤ እርግጠኛ አይደለሁም። አላለቀሰችም። «አባዬ እኮ ይወድህ ነበር» አለችኝ።

«ሲስቅብኝ ነው የማውቀው።»

«አባዬ የማይወደው ሰው ላይ አይቀልድም ነበር።»

ነፋሱ እየገባ ነው፤ ስትወጪ በሩን ዝጊው አልኳት። ዘግታው ወጣች።

እሑድ ጧት ሜዳው በሰው ተሞላ። ውርጩ ገና ከሣሩ ላይ አልለቀቀም። ፈረሶቹ አጊጠዋል፤ ግላሱ፣ ቀዩ ክር፣ ቃጭሉ ይታያል፣ ይሰማል። እኔ መድረሻው ላይ ጠረጴዛዬን አስቀምጬ መዝገቤን ገልጬአለሁ። አትመጣም ብዬ ስሟን እንኳ በእርሳስ ነበር የጻፍኩት።

መጣች። ዳማውን ያለ ግላስ፣ ያለ ክር፣ በባዶ ኮርቻ ጭናዋለች። ጥቁር ቀሚሷን ከሱሪ በላይ ለብሳ፣ ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃ ደረቷ ላይ አስራዋለች። የተቆረጠው ጸጉሯ ብርድ ላይ ተገልጧል። ሰዉ አያትና ዝም አለ። እንዲህ ያለ ዝምታ በዚያ ሜዳ ሰምቼ አላውቅም። አንዲት አሮጊት «ያባቷ መቃብር ሳይደርቅ!» አሉና ፊታቸውን ሸፈኑ። ከጎናቸው ያለ ሰው ምራቁን ተፋ። እሷ ወደ መነሻው ሄዳ ተራዋን ይዛ ቆመች።

ስለ ግልቢያው ብዙ የምለው የለኝም፤ እኔ ፈረሰኛ አይደለሁም። ገና ከመነሻው ተለይታ ወጣች፤ ከዚያ በኋላ የደረሰባት የለም። ያለ ተከታይ ብቻዋን መጥታ በጠረጴዛዬ አጠገብ አለፈች። አንድ ሰው አላጨበጨበም። አንዲት ሴት እልል አላለችም። ከብዙ ቆይታ በኋላ አንድ የመሐል ሜዳ ልጅ ሁለተኛ ሆኖ ሲገባ ሜዳው በእልልታ ተናወጠ። ሰዉ እልልታውን ሁሉ አጠራቅሞ ለሁለተኛው ሰጠው። እሷ ፈረሷ ላይ ሆና ያን ሰማች።

ወርዳ ወደ ጠረጴዛዬ መጣች። ከንፈሯ በብርዱ ተሰነጣጥቋል።

«ጻፍከኝ?»

«ጽፌሻለሁ» አልኳት። በእርሳስ የነበረውን በቢክ ደገምኩት።

ያኔ ተነሥቼ ለሕዝቡ መናገር እችል ነበር። ቀኑን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ሌላ ቀን ነበረኝ፤ ሆን ብዬ ነው ብል አፌ አይታሰርም። ሊቀ መንበሩ ምናልባት ይህን ጠብቀው ይሆናል፤ ትክ ብለው አዩኝና ሽልማቱ ሳይሰጥ ዘንጋቸውን ይዘው ሄዱ። እኔ ማይክሮፎኑን ይዤ ሁሉም ነገር በፕሮግራሙ መሠረት መጠናቀቁን አስታወቅሁ።

እናቷ ቤት አላስገባቻትም። ያን ዕለት ጎረቤት አደረች። ሰኞ ከፍትሐቱ በኋላ ዳሱ በሰው ሲሞላ በእግሯ መጣች። የወንድሜ ሚስት፣ እኔ እትዬ የምላት፣ ዳሱ በር ላይ ቆማ እንግዳ ትቀበል ነበር። ልጇን ስታይ ክንዷን ዘርግታ በሩን ዘጋችው።

«እዚህ ምን አለሽ?»

«ላባቴ ተዝካር ነው የመጣሁት።»

«ትናንት አላወጣሽውም? በሰው ፊት፣ በፈረስ ላይ?»

ዳሱ ውስጥ የሚበላው መብላቱን ተወ። ከዚያ እትዬ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ከቄሶቹ ቀጥሎ ተቀምጬ ዋንጫ ይዣለሁ።

«ቀኑን ያደረገው አጎትሽ ነው ይላሉ» አለች፤ ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሣችም። «በቅበላ ማድረግ ሲችል ሆን ብሎ ነው ይላሉ። እውነት ነው?»

ልጅቷ ደግሞ ወደ እኔ አየች። ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ያ እይታ የጥላቻ ቢሆን ኖሮ በተሻለኝ። የምታስበው ስለ ሌላ ነገር እንደሆነ ያስታውቅ ነበር።

«ውሸት ነው» አለች። «ጋሼ በቅበላ ላድርግልሽ ብሎኝ ነበር። እንቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ቶሎ ተገላግዬ ልሂድ አልኩት።»

ሊቀ መንበሩ ከወዲያ ጥግ ተቀምጠዋል። እውነቱን ያውቃሉ። አፌን እንድከፍት ጠበቁኝ፤ ፊታቸው ላይ አየሁት። እኔ ዋንጫዬን አነሣሁና ጠጣሁ።

«ሂጂ» አለች እትዬ ልጇን። «ካባትሽ ተዝካር እህል አትቀምሺም።»

ከዚያ ሰው እየገፋች ወደ እኔ መጣችና ትከሻዬን ሳመችኝ። «ልረግምህ እኮ ነበር፣ ወንድሜ» አለችኝ እያለቀሰች። «በሐሜት ልረግምህ ነበር። ይቅር በለኝ።»

«እግዜር ይቅር ይበለን» አልኳት። ይህን አልኩ። ከአፌ ወጣ።

ልጅቷን አጥሩ ጋ ደረስኩባት። ለምን እንዲህ አልሽ አልኳት። እንደማላውቅ ሆኜ ነው የጠየቅኋት።

«እማዬ ያላት አንድ በሬ ነው» አለችኝ። «ከአንተ ከተጣላች ከማን ጋር አቀናጅታ ልታርስ ነው? እኔማ የሚያበላኝ አገኘሁ። ሰኔ ላይ መሬቷን ጦም እንዳታሳድርባት።»

ያን ሳምንት በመኪና ወደ ክልሉ ክለብ ወረደች። ዳማውን እናቷ ደጅ አስራው ሄደች።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት ሆነ። ሰኔ ሰኔ የእትዬን መሬት አርሳለሁ፤ አንድም ዓመት ጦም አሳድሬባት አላውቅም። ሊቀ መንበሩ ሰላም አይሉኝም። ጸሐፊነቱን ለቅቄ ለሌላ ሰው አስረከብኩ፤ ሰው ግን አሁንም ለሥጋው የማያዳላ እያለ ይጠራኛል። እትዬ ለመጣ እንግዳ ሁሉ «ልጅ ከዳችኝ፣ ወንድም አልከዳኝም» ትላለች፤ ከገብሱ የመጀመሪያውን ቆሎ ለእኔ ቆልታ ታቀርባለች። እበላለሁ። ልጅቷ በየሁለት ሳምንቱ ትደውልልኛለች። እናቷ ስልክ የላትም። «ጋሼ፣ እማዬ ልቧ አልራራም?» ትለኛለች። «ገና ነው፣ ታገሺ» እላታለሁ።

ባለፈው ጥምቀት ማግሥት እትዬ ቤት ተቀምጬ ነበር። እሳቱን ስትቆሰቁስ ቆየችና ድንገት «እስቲ ደውልልኝ» አለችኝ። «ምን ይሁን ብላ እንዲያ እንዳደረገች አንድ ጊዜ ልጠይቃት። ባትነግረኝም ድምጿን ልስማው።» እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ስልኩን ለመቀበል ዘረጋችልኝ። ስልኬን ከኪሴ አወጣሁ። ከፈትኩት። ምልክቱ ሞልቷል።

«ኔትወርክ የለም» አልኳት።

እጇን መለሰችና «እንግዲህ ሌላ ቀን» ብላ ጠላ ልትጨምርልኝ ወደ ጓዳ ገባች።